ከሊሾው ሥር

«ሊሾ» የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ በዚያ ቋንቋ ለስላሳ ማለት ነው። ፌሮም ባሬላም እንዲሁ ከጣልያን ግንበኛ አፍ ወደ እኛ ግንበኛ አፍ ተሻግረው የቀሩ ናቸው። ፌሮ ብረት፣ ባሬላ መሸከሚያ ሆነው በዕቃነታቸው ሲጠሩ በግቢያችን የምናፈሰው ኮንክሪት ግን በላይኛው ፊቱ ስም መጠራቱ ይገርማል፤ ሥራውን የምንመዝንበትን ዓይን ሳናውቀው አጋልጦብናል። ግንበኛው ሲጨርስ ባለቤቱ ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ይዳብሰዋል። ከለሰለሰ ጥሩ ነው፣ ከሻከረ መጥፎ ነው፣ ቀሪው ሂሳብም በዚያው ይከፈላል። ሊሾው በሁለተኛው ክረምት ሲሰነጠቅ፣ በሦስተኛው አንድ ጎኑ ሲሰምጥ፣ ውሃውም ወደ ሳሎን በር ሲመለስ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከዚያ ከተዳበሰው ፊት አይገኝም። ያለው ከሥር ነው፤ በአፈሩ፣ በድንጋዩ፣ በውፍረቱ፣ አሮጌውና አዲሱ በተገናኙበት መስመር። ስለዚህ ሊሾውን የሚያሰፋ ሰው ከተቋራጩ ጋር ዋጋ ከመቁረጡ በፊት የሚሸፈነውን ነገር በጽሑፍ መቁረጥ አለበት፤ ክፍያውንም ያ ነገር ገና ሳይሸፈን በሚታይባቸው ሰዓቶች ላይ ማሰር አለበት እላለሁ።

በአዲስ አበባ የተለመደ ዓይነት ግቢ እናስብ። ከቤቱ በር ፊት የቆየ ሊሾ አለ። ቤተሰቡ በዝቷል፤ ለክርስትናም ለሰርግም ድንኳን ሲጣል ግማሹ እንግዳ ጭቃ ላይ ይቀመጣል። እናም ሊሾውን ወደ አትክልቱ በኩል በ4 ሜትር ወርድና በ6 ሜትር ርዝመት ማስፋት ተፈለገ፤ 24 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ባለቤቱ ሦስት ግንበኛ ጠርቶ ለሦስቱም አንድ ጥያቄ ያቀርባል፦ «በካሬ በስንት ትሠራለህ?» ሦስት ዋጋ ይሰማል፤ ዝቅተኛውን ይመርጣል፣ ጠንቀቅ ያለ ከሆነም መካከለኛውን። አወዳድሮ የመረጠ ይመስለዋል። ሦስቱ ሰዎች ዋጋ የሰጡት ግን ለአንድ ሥራ አይደለም፤ እያንዳንዳቸው በልባቸው ላሰቡት ለየራሳቸው ሊሾ ነው።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። የመጀመሪያው ግንበኛ ያሰበው 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ከሆነ 24 ካሬው 2.4 ሜትር ኪዩብ ኮንክሪት ይፈልጋል። በአገራችን የሥራ ዝርዝሮች ሲ-20 ለሚባለው ኮንክሪት በአንድ ሜትር ኪዩብ ቢያንስ 320 ኪሎ ሲሚንቶ እንዲገባ መጻፍ የተለመደ ነው፤ በዚህ ልክ 768 ኪሎ፣ ማለትም ከ15 በላይ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ይገባል። ሁለተኛው ያሰበው 7 ሴንቲ ከሆነ ኮንክሪቱ ወደ 1.68 ሜትር ኪዩብ ይወርዳል፤ በዚያው ድብልቅ እንኳ 11 ከረጢት ያህል ይበቃዋል። ሦስተኛው 7 ሴንቲ አስቦ ድብልቁንም በሜትር ኪዩብ ወደ 250 ኪሎ ካቀጠነው 420 ኪሎ ብቻ፣ ከ8 ከረጢት ትንሽ ያለፈ፣ ይጨርሰዋል። ከመጀመሪያው ጋር ሲተያይ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ሲሚንቶ ጭራሽ ግቢው አልገባም። ሦስቱም ላይ ከላይ ቀጭን የሲሚንቶ ልባስ ተለብሶ በማለስለሻ ሲሳብ ግን ፊታቸው አንድ ነው። ጠርዙን ሰብሮ ያላየ ሰው አይለያቸውም።

ይህን ሁሉ የግንበኛ ሌብነት ነው ብሎ መደምደም ይቀናል፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይመስለኝም። ግንበኛው የቀን ሠራተኞቹን ማታ ማታ ይከፍላል፤ አሸዋና ጠጠር በዕለቱ ዋጋ ያስገባል፤ የሚክሰር ኪራዩ በሰዓት ይቆጥራል። ባለቤቱ ዋጋውን አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ሲያስቀንሰው ከሠራተኛው ደመወዝ መቀነስ አይችልም፤ የላይኛውን ፊት ማበላሸትም አይችልም፣ የሚመሰገነውም የሚከፈለውም በእርሱ ነውና። የሚቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ማንም የማያየው። ምን እንደሚሠራ ባልተጻፈበት ሥራ ላይ አጥብቆ የሚከራከር ባለቤት ሳያውቀው «አቅጥንልኝ» ብሎ እያዘዘ ነው። ውፍረቱ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ሌላ ቦታ ይደርስ ነበር፤ ግንበኛው «በዚህ ዋጋ አይወጣኝም» ብሎ ይሄዳል፣ ወይም 24 ካሬው ወደ 18 ይቀንሳል። ሁለቱም ሐቀኛ ውጤቶች ናቸው።

ወረቀቱ ረጅም መሆን የለበትም፤ አንድ ገጽ ይበቃዋል። ርዝመቱና ወርዱ፤ ውፍረቱ በቀጭኑ ቦታ ስንት እንደሆነ፤ ስንት ሴንቲ እንደሚቆፈር፤ ከሥሩ ምን ያህል ድንጋይ እንደሚደረደር፤ ድብልቁ፤ ውሃው ወዴት እንደሚፈስ፤ የማስፋፊያ መስመሮቹ የት እንደሚሆኑ፤ ስንት ቀን ውሃ እንደሚጠጣና ማን እንደሚያጠጣው። ሁልጊዜ የምትረሳና ሁልጊዜ የምታጣላ አንዲት ነገርም አለች፤ የተቆፈረውን አፈር ማን ያስወጣል? 24 ካሬ ግቢ 45 ሴንቲ ሲቆፈር ወደ 11 ሜትር ኪዩብ አፈር ይወጣል፤ አፈር ሲቆፈር ደግሞ ስለሚያብጥ አንድ ሲኖትራክ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ይህ ካልተጻፈ ሥራው አልቆ ክምሩ አጥር ሥር ይቀራል።

«ለሁለት ሦስት ቀን ሥራ ደግሞ ምን ውል ያስፈልጋል?» የሚል መልስ ይመጣል። የሥራው ማነስ ግን የጉዳቱን ማነስ አያመለክትም፤ የተበላሸ ሊሾን ሰብሮ ማውጣት ከማፍሰሱ ይከብዳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 ስለማይንቀሳቀስ ንብረት ሥራ ሲደነግግ፣ ተቋራጩ ሥራውን ካስረከበ በኋላ ለ10 ዓመት ስለ አሠራሩና ስለ ጽናቱ ዋስ እንደሚሆን ይናገራል። ከሁሉ የሚገርመው ኃላፊነቱ በአሠራር ጉድለት ብቻ አለመወሰኑ ነው፤ ሥራው ባረፈበት መሬት ጠባይ ምክንያት የሚደርሰውንም ጉዳት ይጨምራል። «መሬቱ ነው የከዳን» ማለት፣ በሕጉ ዓይን፣ ለተቋራጭ ማምለጫ አይደለም ማለት ነው። ነገር ግን ማን ምን ሊሠራ እንደተዋዋለ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ ሕጉን የሚያነሳበት እጀታ ባለቤቱ የለውም።

መሬቱ በእርግጥ የሚከዳበት ሰፈር ብዙ ነው። የአዲስ አበባ ደቡባዊና ምሥራቃዊ ሜዳዎች፣ አቃቂን፣ ቃሊቲን፣ ቦሌን ጨምሮ፣ ሰፊ ቦታቸው ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሸሻል፣ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅም ይከፍታል። አሮጌው ሊሾ ከሥሩ ያለውን እርጥበት ለዓመታት ሸፍኖ ስላቆየው አፈሩ እዚያ ብዙ አይንቀሳቀስም። አዲሱ የሚያርፈው ግን ትናንት አትክልት ውሃ ሲጠጣበት፣ ፀሐይም ሲመታው በኖረ አፈር ላይ ነው። ስለዚህ አንዱ ጎን ጸጥ ብሎ ሌላው በየወቅቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ከላይ የሚፈሰው 10 ሴንቲ ኮንክሪት ይህን ጉልበት አይችለውም፤ 15ም ቢሆን እምብዛም። መልሱ ከሥር ነው፤ ጥቁሩን አፈር አቅም በፈቀደው ጥልቀት ማውጣት፣ በምትኩ ሰሌክት የሚባለውን የማያብጥ ሙሌት አፈር አስገብቶ በየ20 ሴንቲው ውሃ እያጠጡ መጠቅጠቅ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ድንጋዩን መደርደር። በአገራችን የወለል ሥር ድንጋይ 25 ሴንቲ እንዲሆን በሥራ ዝርዝር መጻፍ የቆየ ልማድ ነው። ድንጋዩ በአካፋ ተገልብጦ የተበተነ ሳይሆን በእጅ ተደርድሮ ክፍተቱ በጠጠር የተሞላ መሆን አለበት። መሬቱ በጣም ክፉ ከሆነና ገንዘቡ ካልበቃ ኮንክሪቱን ጭራሽ ትቶ ኮብልስቶን ማንጠፍ ከክፉ ሊሾ ይሻላል፤ ኮብሉ ሲሰምጥ ተነቅሎ፣ ሥሩ ተስተካክሎ እንደገና ይደረደራል።

ቁፋሮው ሌላም ነገር ይገልጣል። ከአትክልቱ ሥር የውሃ ቧንቧ፣ የፍሳሽ መስመር፣ አንዳንዴም ሁሉም የረሳው የመብራት ገመድ ያልፋል። ሴፕቲክ ታንክ ባለበት ግቢ ደግሞ ክዳኑ ብዙ ጊዜ አትክልቱ ውስጥ ነው። ይህን ክዳን ሊሾ አልብሶ ማለፍ ሞልቶ ቦቴ በሚጠራበት ቀን መሰበሩን ቀድሞ መወሰን ነው። አንገቱ በብሎኬት ወይም በኮንክሪት ከአዲሱ ወለል እኩል ከፍ ብሎ በክዳኑ ይቅር። አሮጌ የብረት ቧንቧ ካለም የሚቀየርበት ቀን ይኸው ነው፤ ዛሬ በዶማ ይደረሳል።

አሮጌውና አዲሱ የሚገናኙበት መስመር ላይ ጊዜ ማጥፋት ተገቢ ነው፤ ሊሾ ማስፋትን ከባዶ ሊሾ ከመሥራት የሚለየው እርሱ ነውና። ብዙ ግንበኛ የአሮጌውን ጠርዝ በመሮ ይቆነጥጥና የሲሚንቶ ውሃ ረጭቶ አዲሱን ያስጠጋዋል፤ «አያስቡ፣ አንድ ይሆናል» ይላል። አንድ አይሆንም። አሮጌው መኮማተሩን ከዓመታት በፊት ጨርሷል፤ አዲሱ ገና ሲደርቅ በየሜትሩ ወደ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ይኮማተራል፤ በ6 ሜትር ላይ ወደ 3 ሚሊ ይጠጋል። ያ መኮማተር የሆነ ቦታ መከፈት አለበት፤ የት እንደሚከፈት አስቀድሞ ካልተወሰነለት ራሱ ይወስናል፣ የሚወስነውም በተንሻፈፈ ስንጥቅ ነው። አዋቂ ተቋራጭ መገጣጠሚያውን ለመደበቅ አይጥርም፤ ቀጥ ያለ መስመር አድርጎ ይተወዋል። ሁለቱ ወለሎች ከፍ ዝቅ ብለው እግር እንዳያደናቅፉ ከፈለገ በአሮጌው ጠርዝ ላይ በድሪል እየበሳ ለስላሳ የብረት ዘንጎች ይሰካል፤ በአዲሱ በኩል የሚቀረውን ግማሽ ግን ቅባት ይቀባዋል። ቅባቱ ለምን እንደሆነ ጠይቁት፤ ወለሉ ወደ ጎን እንዲንሸራተት ግን ወደ ላይና ወደ ታች እንዳይለያይ ነው ካለ ሥራውን ያውቃል። የቤቱ ግድግዳ ጋ በሚደርስበትም ወደ 1 ሴንቲ የሚሆን ስስ ስፖንጅ ወይም ስታይሮፎም ይገባል፤ ወለሉ ግድግዳውን እንዳይገፋ።

የቀረው ወለልም እንዲሁ በመስመር መከፈል አለበት። የተለመደው ስሌት የመስመሮቹ ርቀት ከውፍረቱ ከ24 እስከ 30 እጥፍ እንዳይበልጥ ነው፤ ለ10 ሴንቲ ከ2.4 እስከ 3 ሜትር ማለት ነው። የእኛ 4 በ6 ግቢ ለ6 ቁራጭ፣ እያንዳንዱ 2 በ2 ሆኖ ቢከፈል ያምርለታል። መስመሩ ከላይ የተጫረ ጌጥ ከሆነ ዋጋ የለውም፤ የውፍረቱን ሩብ፣ 2.5 ሴንቲ ያህል፣ መግባት አለበት። መቁረጫ ማሽን ከሌለ ቁራጮቹን እንደ ዳማ ሰሌዳ አንዱን ዘሎ አንዱን ማፍሰስ አሮጌ ግን የሚሠራ ዘዴ ነው።

ውሃን በተመለከተ ሊሾ ማስፋት ማለት አፈር ይጠጣው የነበረውን ዝናብ ሥራ አስፈትቶ መስደድ ማለት ነው። አንድ ከባድ የሐምሌ ዝናብ 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል 24 ካሬው ላይ 720 ሊትር ያርፋል፤ ወደ 29 ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ነው። ይህ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ጥያቄው ወዴት የሚለው ብቻ ነው። ቢያንስ በሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ መውረድ አለበት፤ በ1.5 ቢሰላ በ4 ሜትር ላይ 6 ሴንቲ ይሆናል። ለዓይን የማይታይ፣ ለውሃ ግን የሚበቃ ነው። ችግሩ የሚመጣው አሮጌው ሊሾ ራሱ በጊዜ ብዛት ወደ ቤቱ ካዘነበለ ነው። አዲሱን የአሮጌው ልክ አድርጎ ማስቀጠል ያኔ የበለጠ ውሃ ወደ በሩ መጋበዝ ይሆናል፤ በመካከላቸው ፍርግርግ ክዳን ያለው ቦይ መግባት፣ ወይም አሮጌው መፍረስ አለበት። ወደ አጥሩ ማዘንበልም መልስ የሚሆነው ከአጥሩ ወዲህ የሚቀበል ቦይ ካለ ብቻ ነው፤ ካልሆነ ውሃው የጎረቤትን መሠረት ይበላል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ክስ ከሊሾው ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ ከመፍሰሱ በፊት ሲባጎ ይወጠር፣ በውሃ ልክ ይለካ፣ ባለቤቱም ከሲባጎው እስከ ድንጋዩ ያለውን በየቦታው በሜትር ይለካው። ሲባጎው ውፍረቱንም ዝንባሌውንም በአንድ ጊዜ ያሳየዋል፤ ለዚህ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

«እኔ የኮንክሪት ነገር አላውቅም፣ ምኑን ልቆጣጠር?» የሚለው ስጋት ከልብ የመጣ ነው፤ ግን አብዛኛው መፈተሻ የወጥ ቤት ያህል ቀላል ነው። አሸዋው ሲመጣ ባዶ ሃይላንድ እስከ ግማሽ ሞልቶ፣ ውሃ ጨምሮ፣ አጥብቆ አናውጦ ለሰዓታት ማስቀመጥ ይቻላል። አሸዋው ከታች ይረጋል፤ ጭቃው ከላዩ ይተኛል። አሸዋው 10 ሴንቲ ቁመት ኖሮት ከላዩ ያለው ጭቃ ከ6 ሚሊ ካለፈ አሸዋው መታጠብ ወይም መመለስ አለበት። መለኪያ ሳጥኑንም ማየት ነው። ቦክስ የሚባለው የእንጨት ሳጥን 50 በ40 ሆኖ ጥልቀቱ 18 ሴንቲ ከሆነ 36 ሊትር ይይዛል፤ ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ይጠጋል። ጥልቀቱ 20 ሲሆን 40 ሊትር ይገባዋል፤ አሸዋና ጠጠሩ ሳይታወቅ ይበዛል፣ ሲሚንቶው ይሳሳል። ከሁሉ ይልቅ ግን ጀሪካኑን ጠብቁ። ለአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት 25 ሊትር ውሃ፣ አሸዋው እርጥብ ከሆነም ከዚያ ያነሰ፣ በቂ ነው። ሠራተኛው ለመግፋት እንዲቀለው ተጨማሪ ውሃ ይፈልጋል፤ አይፈረድበትም፣ ወፍራም ድብልቅ ወገብ ይሰብራል። ነገር ግን ሲሚንቶው ያልተጠቀመበት ውሃ ተንኖ ሲወጣ ቦታው ባዶ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል፤ ሊሾውም ስፖንጅ ይሆናል።

ፌሮ ከተጨመረ ሁሉም ይስተካከላል የሚል እምነትም በሰፊው አለ። ፌሮ ስንጥቅን አይከለክልም፤ የተሰነጠቀውን አጥብቆ ይይዛል እንጂ። ያውም ከመካከል ከፍ ብሎ በትንንሽ የሲሚንቶ ብሎኬቶች ላይ ካረፈ ነው። ብዙ ጊዜ ድንጋዩ ላይ ተዘርግቶ ኮንክሪት ይገለበጥበታል፤ ያ ብረት ለዝገት የተከፈለ ገንዘብ ነው። መኪና የማይገባበት ግቢ ላይ ፌሮውን ትቶ ገንዘቡን ለሥሩ ድንጋይ ማዋል የተሻለ ሚዛን ይመስለኛል።

ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ያለው ሥራ ማንም የማይከፍልበት ሥራ ነው፤ ስለዚህ ማንም አይሠራውም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ የካቲት አየሩ ደረቅ፣ ፀሐዩ ጠንካራ ነው፤ ነፋሱም አለ። እርጥቡ ፊት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይመታና የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል። ጣት ሲነካው ምልክት የማይተውበት ጊዜ እንደደረሰ በላስቲክ ወይም በእርጥብ ጆንያ መሸፈን፣ ከዚያም ቢያንስ 7 ቀን ሳይደርቅ ማቆየት ያስፈልጋል። ሲሚንቶው ፒፒሲ ከሆነ፣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለተደባለቀበት ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፤ 10 ወይም 14 ቀን ቢሆን ይሻላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር «ጠዋትና ማታ እናጠጣለን» የሚል ቃል ሮቶው ባዶ በሆነበት ቀን ይፈርሳል። የማፍሰሻው ቀን በግንበኛው ምቾት ሳይሆን በውሃው ፈረቃ ይወሰን። ለማብረቅ ተብሎ በእርጥቡ ፊት ላይ የሚነሰነሰው ደረቅ ሲሚንቶም ይቅር፤ የላይኛው ቆዳ ከሥጋው ተለይቶ ይላጣል፣ በዝናብ ጊዜም አዛውንት ያንሸራትታል። በመጥረጊያ ቀለል ተደርጎ የተጫረ ፊት ለደጅ ይበልጣል፤ «ሊሾ» የሚለውን ስም ባይመጥንም።

ሌላው ክርክር ከልምድ የሚመጣ ነው፦ ዕቃውን ራሴ ልግዛ፣ ለሠራተኛ የእጅ ዋጋ ብቻ ልክፈል። በሲሚንቶ መጠን ላይ የሚደረገውን ጨዋታ ይህ በእርግጥ ይዘጋል። በምትኩ ግን ሌላ በር ይከፍታል፤ ሊሾው ሲሰነጠቅ ግንበኛው «አሸዋውን እርስዎ ነው የገዙት» ይላል፣ እውነቱንም ነው። ሠራተኛ በቀን ሂሳብ የሚያሠራ ሰውማ ተቋራጩ እርሱ ራሱ ነው፤ ማንም 10 ዓመት ዋስ አይሆንለትም። መካከለኛ መንገድ አለ፦ ባለቤቱ ሲሚንቶውን ይግዛ፤ ግንበኛው አሸዋውንና ጠጠሩን ራሱ መርጦ ያስገባ፤ ከሥራው በፊትም ዕቃውን አይቶ መቀበሉን በዚያው አንድ ገጽ ላይ ይፈርም። ያልወደደውን የመመለስ መብት ስላለው በኋላ የማማረር መብት አይኖረውም።

ገንዘቡን እንዴት መክፈል እንደሚገባ ሌሎች አገሮች በሕግ ወስነዋል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በሜሪላንድ የቤት ጥገና ተቋራጭ ውል ሲፈረም ከዋጋው ሲሶ በላይ ቅድሚያ መቀበል አይችልም፤ በካሊፎርኒያ ደግሞ ከ10 በመቶው ወይም ከ1,000 ዶላር ያነሰውን ብቻ ነው። የሕጎቹ ሐሳብ ለእኛም ይሠራል፤ ገንዘብ ሥራን ይከተል። እኔ የምመርጠው አከፋፈል እንዲህ ነው፦ ዕቃው ግቢ ሲገባ 30 በመቶ፤ ተቆፍሮ፣ ድንጋዩ ተደርድሮ፣ ሲባጎው ተወጥሮ ባለቤቱ ሲለካው 30 በመቶ፤ ፈስሶ ሲያልቅ 30 በመቶ፤ ቀሪው 10 በመቶ በ28ኛው ቀን። 28 ቀን የኮንክሪት ጥንካሬ የሚለካበት የተለመደ ቀን ነው፤ ማጠጣቱም እንደተፈጸመ የሚታይበት ነው። ከነዚህ ሁሉ ዋናው ሁለተኛው ክፍያ ነው። ዓይን ገና ሥሩን ማየት በሚችልበት በመጨረሻው ሰዓት ላይ የቆመ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሚክሰሩ ይነሳል። ቤቱን ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ሆኖ በዘመድ በኩል የሚያሠራ ሰውም ያለቀ ሊሾ ፎቶ ከሚጠብቅ ይህን ሰዓት ቢጠብቅ ይሻለዋል፤ ሜትሩ ከድንጋዩ እስከ ሲባጎው ተዘርግቶ የተነሳ ቪዲዮ ሳይመጣ ብሩ አይላክ።

በመጨረሻ የሚነሳው ተቃውሞ ከሁሉ የሚከብድ ነው፤ የእምነት ጉዳይ ነውና። ግንበኛው የጎረቤትን ቤት የሠራ፣ የሰፈር ሰው፣ ምናልባትም በአንድ እድር ያለ ነው። ወረቀት ማውጣት «ሌባ ነህ» እንደማለት ይመስላል። ነገሩ ግን በተገላቢጦሽ ነው የሚታየኝ። ሁለት ሰዎች ሊጣሉ የሚችሉት ስለ አንድ ነገር ሁለት የተለያየ ነገር ሲያስቡ ነው፤ ከጎረቤት ጋር የሚደረግ ሥራ ደግሞ ጠቡ እድሩ ውስጥ ስለሚገባ ይበልጥ ግልጽነት ያሻዋል። ጎበዝ ግንበኛ ከወረቀቱ ተጠቃሚ ነው፤ 10 ሴንቲ የሚያፈስስ ሰው 7 ሴንቲ በልቡ ይዞ ዋጋ ከሚሰብርበት ሰው ጋር እኩል ሜዳ ላይ የሚወዳደረው ውፍረቱ ሲጻፍ ብቻ ነው። «መጻፍ አያስፈልግም» ብሎ የሚቆጣው ማን እንደሆነ ማየትም ራሱን የቻለ መረጃ ነው።

በ28ኛው ቀን፣ ቀሪው ከመከፈሉ በፊት፣ ጎማ ከቧንቧው ጋር ተያይዞ ከቤቱ በር ጀምሮ ውሃ ይለቀቅ። ውሃው በመገጣጠሚያው ላይ ካልቆመ፣ ወደ ተባለበት ቦይም ከሄደ፣ ግማሽ ሰዓት ቆይቶም እግር የሚያርስ ኩሬ ካልቀረ ሂሳቡ ይዘጋ። ከዚያ በፊት የተነሱት ፎቶዎች፣ የቧንቧው መስመር ከአጥሩ በስንት ሜትር እንደሚያልፍ የተሳለበት ወረቀት፣ የሴፕቲክ ታንኩ ቦታ፣ የተፈረመው ገጽም አንድ ላይ ይታሰሩና ከቤቱ ካርታ ጋር ይቀመጡ። ከ8 ወይም ከ9 ዓመት በኋላ የፈነዳ ቧንቧ ፈልጎ ሊሾውን የሚበሳው ሰው ሌላ ነው፤ የት መምታት እንዳለበት የሚጠይቀውም ባለቤቱን ነው።